«ለማንም እንዳትነግሪ»፦ ስለ ልጆች የኢንተርኔት ደኅንነትና የአእምሮ ጤና ለአሳዳጊዎችና ለመምህራን

በወሎ ለአንድ ልጅ የመጀመሪያውን ስማርት ስልክ የሚሰጠው ሰው ብዙ ጊዜ አብሮት የሚኖር ሰው አይደለም። ጂዳ፣ ሪያድ፣ ዱባይ ወይም ቤይሩት በሰው ቤት የምትሠራ እናት ወይም እህት ወደ አገር ቤት በሚመለስ ሰው እጅ የላከችው ስልክ ነው ሐርቡ፣ ከሚሴ፣ ባቲ፣ ሐይቅ ወይም ወረባቦ ገጠር ድረስ የሚዘልቀው። ስልኩ የሚላከው በበጎ ምክንያት ነው፤ እናት የልጇን ፊት በኢሞ እንድታይ፣ የላከችው ገንዘብ መድረሱን እንድታረጋግጥ፣ ልጅም የእናቱን ድምፅ እንዳይረሳ። ቤት ውስጥ ልጁን የምታሳድገው አያት ግን ስልኩን ራሷ ከፍታ መጠቀም አትችልም፤ የሚደውልላት፣ የመጣውን መልእክት የሚያነብላት፣ የቴሌብር ሂሳቧን የሚያይላት ያው ልጅ ነው። በዚህ ምክንያት ሥልጣኑ ከአያት ዘንድ፣ እውቀቱ ደግሞ ከልጁ ዘንድ ይሆናል። ስለ ልጆች የኢንተርኔት ደኅንነት የሚሰጠው ምክር አብዛኛውን ጊዜ «ወላጅ የልጁን ስልክ ይቆጣጠር» ብሎ ስለሚጀምር እንዲህ ላለው ቤት ብዙም አይፈይድም።

ሌላም ነገር አለ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ቆይቷል። ዳታው ሲመለስ በተቋረጠበት ጊዜ ገና ስልክ ያልያዙ ልጆች አድገው ነበርና፣ ቀስ በቀስ የሚለማመዱበት ጊዜ ሳያገኙ ቲክቶክ፣ ቴሌግራምና ፌስቡክ ውስጥ በአንድ ጊዜ ገቡ። ታላላቆቻቸው በስሕተትም ቢሆን ዓመታት ወስደው የተማሩትን እነርሱ በሳምንታት ውስጥ መማር ነበረባቸው።

ከዚህ በታች የማብራራው የቴክኒክና የሕግ ጉዳይ ብዙ ነው፤ ነገር ግን ሁሉም የሚያርፈው በአንድ ነገር ላይ ነው። አንድ ልጅ ኢንተርኔት ላይ ክፉ ነገር ሲደርስበት ሳይፈራ የሚነግረው አንድ አዋቂ ሰው ካለው፣ አብዛኛው አደጋ በጊዜ ይቆማል። እንዲህ ያለ ሰው ከሌለው፣ የስልኩ ሴቲንግ ምንም ያህል ቢጠብቅ ልጁ ብቻውን ነው።

ማስፈራሪያው እንዴት እንደሚሠራ

በልጆች ላይ ከሚደርሱት ጥቃቶች ሁሉ የከፋው በፎቶ ማስፈራራት ይመስለኛል። አካሄዱ በየቦታው ተመሳሳይ በመሆኑም አስቀድሞ ሊያስተምሩት የሚቻል ነው። አንዲት የዐሥረኛ ክፍል ተማሪ ቲክቶክ ላይ በለጠፈችው ቪዲዮ ሥር አንድ የማታውቀው ሰው ደስ የሚል አስተያየት ጻፈ እንበል። የፕሮፋይል ፎቶው የእኩያዋ ልጅ ነው፤ የደሴ ልጅ መሆኑን፣ ቧንቧ ውሃ አካባቢ ማደጉን ይነግራታል። ከጥቂት ቀናት በኋላ «ወደ ቴሌግራም እንሂድ» ይላታል። የመጀመሪያው የአደጋ ምልክት ይኸው ነው፤ ሰው ሁሉ ሊያየው ይችል የነበረው ንግግር ማንም ወደማያየው ቦታ ሄዷልና። ከዚያ ስለ ትምህርቷ ይጠይቃታል፣ እናቷ ዐረብ አገር መሆኗን ያውቃል፣ ስትከፋ ያጽናናታል። ፎቶ መጠየቅ የሚጀምረው ይህ ሁሉ ከሆነ በኋላ ሲሆን፣ መጀመሪያ የሚጠይቀው ማንም ለማንም የሚልከውን ዓይነት ተራ ፎቶ ነው። ጥያቄው ደረጃ በደረጃ እየከፋ ይሄድና የሚፈልገውን ያገኘ ዕለት አነጋገሩ በአንዴ ይለወጣል፦ «እስከ ነገ ማታ ብሩን ካልላክሽ ለወንድምሽ፣ ለመምህሮችሽ፣ ለሰፈሩ ግሩፕ እለቀዋለሁ። ለማንም እንዳትነግሪ።»

በወንዶች ልጆች ላይ የሚሠራው ማስፈራሪያ ደግሞ ፈጣን ነው። የሴት ልጅ ፎቶ የለጠፈ አካውንት ይጽፍለታል፤ በዚያው ሌሊት የቪዲዮ ጥሪ ይጠራዋል፤ ጥሪው ይቀዳል፤ ከመንጋቱ በፊት የገንዘብ ጥያቄው ይመጣል። ወንድ ልጅ «ወንድ ሆነህ እንዴት ተታለልህ» መባልን ስለሚፈራ ከሴቷም ይልቅ ዝም ሊል ይችላል። በአሁኑ ጊዜ ደግሞ ልጁ ምንም ፎቶ ሳይልክ፣ ከፕሮፋይሉ በተወሰደ ተራ የፊት ፎቶ በአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ የተቀናበረ የብልግና ምስል ተሠርቶ ማስፈራሪያ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «ካልላክሽ ምንም አይደርስብሽም» ብሎ ማስተማር ብቻውን በቂ አይደለም።

ከማስፈራሪያው ቃላት ሁሉ ክብደት ያለው የመጨረሻው ነው። አስፈራሪው ኃይል የሚያገኘው ከፎቶው ሳይሆን ልጅቷ ቤተሰቧ ቢሰማ ይደርስብኛል ብላ ከምትፈራው ነገር ነው። ይህን ፍርሃት ማቃለል ተገቢ አይደለም፤ መሠረት ያለው ፍርሃት ነው። ስሟ ጠፋ የተባለች ልጅ ከትምህርት ቤት የምትቀርበት፣ በችኮላ የምትዳርበት፣ ወይም ዕድሜዋ ተጨምሮ ወደ ዐረብ አገር የምትላክበት አጋጣሚ እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን። አስፈራሪውም ያውቃል። አንድ አባት «ልጄ እንዲህ ብታደርግ አልምራትም» ብሎ ቡና ላይ በተናገረ ቁጥር፣ ሳያውቀው የአስፈራሪውን ሥራ እያቀለለለት ነው።

በመሆኑም ልጁ ችግሩን የሚናገርበት የመጀመሪያው ደቂቃ ከሁሉ ይበልጣል። በዚያ ደቂቃ የሚያስፈልገው «አብሽሪ፤ ነግረሽኛል፤ ከዚህ በኋላ አብረን ነን» የሚል ሰው እንጂ ለምን እንዳደረገችው የሚጠይቅ ሰው አይደለም። ስለ ጥንቃቄ የሚሰጠው ምክር ነገሩ ከበረደ በኋላ ይደርሳል።

ቀጥሎ የሚደረገው የታወቀ ነው። ገንዘብ አይላክም፤ አንድ ጊዜ የተከፈለው አስፈራሪ ይህች ልጅ ትከፍላለች ብሎ ተመልሶ ይመጣል። መልእክቶቹም አይጠፉም። ልጆች ሲደነግጡ መጀመሪያ የሚያደርጉት ቻቱን ማጥፋት ነው፤ ማስረጃው ግን እዚያው ውስጥ ነው። በተለይ ቴሌግራም ላይ ሌላው ወገን መልእክቶቹን ከሁለቱም ስልክ ማጥፋት ስለሚችል፣ ማስፈራሪያውን፣ የአካውንቱን ስምና ዩዘርኔም፣ ገንዘብ እንዲላክበት የሰጠውን ስልክ ወይም የባንክ ሂሳብ ቁጥር፣ ቀኑና ሰዓቱ እንዲታይ አድርጎ ወዲያውኑ ስክሪንሹት ማንሳት ያስፈልጋል። ስክሪንሹት አልነሳም ካለ በሌላ ስልክ ስክሪኑን ፎቶ ማንሳት ይቻላል። አካውንቱ ሪፖርትና ብሎክ የሚደረገው ከዚህ በኋላ ነው።

በዚህ ቦታ ደግ አስበው የሚሳሳቱ አዋቂዎች አሉ። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958 በአንቀጽ 12 ለአካለ መጠን ያልደረሰን ልጅ የሚያሳይ የብልግና ምስል ማዘጋጀትን፣ ማሰራጨትን፣ ይዞ መገኘትንም ጭምር ወንጀል አድርጎታል፤ ልጅን በኮምፒውተር ወይም በስልክ ወደ እንዲህ ያለ ድርጊት ማባበልም እዚያው ተከልክሏል። እንግዲህ ምስሉን «ለሌሎች ወላጆች ማስጠንቀቂያ ይሆናል» ብሎ ወደ ግሩፕ የሚያስተላልፍ ሰው ራሱ ሕግ ተላልፏል፤ ልጅቷንም ሁለተኛ ጎድቷታል። ርእሰ መምህሩም ሆነ የቀበሌው ሰው ምስሉን ወደ ራሱ ስልክ መገልበጥ የለበትም። ምስሉ በልጅቷ ስልክ ላይ እንዳለ ስልኩ ከአሳዳጊዋ ጋር ወደ ፖሊስ ይወሰዳል። የዚሁ አዋጅ አንቀጽ 13 ደግሞ ሰውን በጽሑፍ፣ በድምፅ ወይም በምስል ማስፈራራትንና ስም ማጥፋትን ይመለከታል፤ ተጎጂው አዋቂ ቢሆንም ይሠራል። አስፈራሪው እስከ ጽኑ እስራት የሚደርስ ቅጣት ሊጠብቀው እንደሚችል ለልጆች መንገር ይጠቅማል። ብዙዎቹ ልጆች ወንጀለኞቹ ራሳቸው እንደሆኑ ነውና የሚያስቡት።

ምስሉ እንዳይሰራጭ የሚረዳ አንድ መሣሪያም አለ። በአሜሪካ የሚገኘው የጠፉና የተበደሉ ልጆች ብሔራዊ ማዕከል በ2023 እ.ኤ.አ. «ቴክ ኢት ዳውን» የተባለ ነፃ አገልግሎት ጀምሯል። ከ18 ዓመት በታች ሆኖ የተነሳው ምስል ያለበት ሰው ምስሉን ለማንም ሳይልክ፣ እዚያው ስልኩ ላይ የምስሉ አሻራ ተብሎ ሊጠራ የሚችል የቁጥር ኮድ እንዲወጣለት ያደርጋል፤ ማዕከሉ የሚቀበለውም ኮዱን ብቻ ነው። ፌስቡክ፣ ኢንስታግራምና ቲክቶክን የመሰሉ ተባባሪ ድርጅቶች በዚያ ኮድ አማካይነት ምስሉን በአገልግሎታቸው ላይ ለይተው ያነሱታል። ሁሉንም መተግበሪያ አይሸፍንም፤ ላኪና ተቀባይ ብቻ በሚያነቡት የተመሠጠረ ቻት የተላከውንም አይደርስበትም። ቢሆንም ከሕዝብ ፊት ማራቅ መቻሉ ለልጁ ትልቅ እፎይታ ነው።

የልደት ዓመቱ ጉዳይ

ትንሽ የሚመስል፣ ነገር ግን በእኛ አገር ልጆች ላይ ብቻ የሚደርስ አንድ ችግር እዚህ ላይ ላንሣ። ቲክቶክ ዕድሜያቸው ከ16 በታች ለሆኑ ልጆች የግል መልእክት መላላክን ይዘጋል፤ አካውንታቸውንም ከመጀመሪያው ለሕዝብ ዝግ አድርጎ ይከፍታል። ሌሎች መተግበሪያዎችም ለታዳጊዎች የየራሳቸው መከላከያ አላቸው፤ አብዛኞቹም ከ13 ዓመት በታች ያለ ልጅ እንዲጠቀምባቸው አይፈቅዱም። ይህ ሁሉ የሚሠራው ግን ልጁ በሚያስገባው የልደት ዓመት ላይ ተመሥርቶ ነው። በሚያዝያ 2003 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የ2011 ልጅ ነው። ፎርሙ ላይ የሚያውቀውን 2003 ካስገባ፣ ሊዋሽ ሳያስብ ስምንት ዓመት አርጅቷል፤ 14 ዓመት ሲሞላው መተግበሪያው የ22 ዓመት ጎልማሳ አድርጎ ይቆጥረዋል፤ ለልጆች የተዘጋው በር ሁሉ ይከፈታል፤ የሚቀርብለት ቪዲዮና ማስታወቂያም የአዋቂ ይሆናል።

ማስተካከያው ቀላል ነው። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 አካባቢ የተወለደ ሰው በኢትዮጵያ ዓመቱ ላይ ሰባት፣ ከዚያ በኋላ የተወለደ ደግሞ ስምንት ይጨምራል። የ7ኛና የ8ኛ ክፍል መምህር ይህን በአንድ ክፍለ ጊዜ፣ በሒሳብ ትምህርትም ቢሆን፣ ሊያሠራው ይችላል። አካውንቱ ቀድሞ በተሳሳተ ዓመት ተከፍቶ ከሆነ ብዙ ጊዜ የሚያዋጣው አዲስ መክፈት ነው፤ ልጆቹ በፎሎወሮቻቸው ምክንያት ሊያቅማሙ ቢችሉም።

ኮድ፣ ቴሌብርና የሥራ ተስፋ

የአካውንት ጠለፋን በአጭሩ ልለፈው፤ መከላከያው የአምስት ደቂቃ ሥራ ነውና። የጓደኛ አካውንት ሲጠለፍ ጠላፊው በጓደኛው ስም «የተላከልህን ኮድ ላክልኝ፣ በስሕተት ባንተ ቁጥር መጥቶ ነው» ይላል። የመጣው ኮድ የራስ አካውንት መግቢያ ነው፤ ለማንም አይሰጥም። ቴሌግራም ውስጥ ሴቲንግ፣ ከዚያ ፕራይቨሲ ኤንድ ሴኩሪቲ ተብሎ ተገብቶ ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን የሚባለው ሲከፈት፣ ኮዱ ቢወጣ እንኳ ያለ ይለፍ ቃሉ መግባት አይቻልም። ዲቫይስስ የሚለው ዝርዝር ውስጥ የማይታወቅ ስልክ ከታየም ወዲያው ማስወጣት ነው። ፕራይቨሲ ኤንድ ሴኩሪቲ ውስጥ ስልክ ቁጥርን ማን እንደሚያይና ማን ወደ ግሩፕ እንደሚጨምር ማስተካከል ይቻላል።

ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ማጭበርበሪያው ከልጁ አልፎ የአያቱን ሂሳብ ይነካል። «በስሕተት ገንዘብ ልኬልሃለሁ፣ መልስልኝ» የሚል ጥሪና ከእውነተኛው ጋር የሚመሳሰል የጽሑፍ መልእክት አብረው ይመጣሉ። ልጁ መልእክቱን አይቶ ሳይሆን በመተግበሪያው ወይም በ*127# ገብቶ ቀሪ ሂሳቡን አይቶ እንዲያረጋግጥ፣ የሚስጥር ቁጥሩንም ድርጅቱ ነኝ ለሚል ሰው እንኳ እንዳይሰጥ ይማር። በብዙ ቤት የቤተሰቡ ገንዘብ ያዥ እርሱ ነው።

የሥራ ተስፋው ነገር ከዚህ ይከብዳል። ደላላ ድሮ በሰፈር የሚታወቅ ሰው ነበር፤ ቢያጭበረብር ሽማግሌ ይላክበታል፣ ቅሬው (እድሩ) ይወቅሰዋል። አሁን ግን በቴሌግራም ቻናልና በቲክቶክ ቪዲዮ የሚመጣው ደላላ ፊት የለውም። ያማረ ሳሎን፣ የወርቅ አምባርና የሪያል ክምር ያሳያል፤ «ያለ ፓስፖርት፣ በብድር» ይላል። በባቲና በሎግያ አድርጎ እስከ ጅቡቲዋ ኦቦክ፣ ከዚያም በጀልባ ወደ የመን የሚወስደው መንገድ ላይ ልጆች ተይዘው ሲደበደቡ እየተቀረጹ ቪዲዮው ለቤተሰብ ማስለቀቂያ ገንዘብ መጠየቂያ እንደሚሆን በወሎ ያልሰማ ቤት ጥቂት ነው። ለልጆች መነገር ያለበት «አትሂዱ» የሚለው ብቻ አይደለም፤ ድህነቱን እነርሱም ያውቁታልና ምክሩ ከአፍ አያልፍም። የሚጠቅመው የሚለዩበትን መስፈርት ማሳየት ነው። ከ18 ዓመት በታች የሆነን ሰው ለሥራ ወደ ውጭ መላክ በሕግ የተከለከለ ነው፤ ሕጋዊ ጉዞ ፈቃድ ባለው ኤጀንሲ በኩል፣ በጽሑፍ ውል፣ በወረዳው ሥራና ሥልጠና ጽሕፈት ቤት በኩል በሚደረግ ምዝገባ ያልፋል። ወደ ጽሕፈት ቤቱ አብሮ ለመሄድ ፈቃደኛ ያልሆነ፣ ዕድሜ ጨምሩ የሚል፣ ለቤተሰብ እንዳይነገር የሚያስጠነቅቅ ሰው ማንነቱን በራሱ አፍ ተናግሯል። በፎቶ የሚያስፈራራውና ደላላው በዚህች «ለማንም አትንገሪ» በምትለው ቃል ይገናኛሉ።

ስለ እንቅልፍና ስለ መንፈስ

ስለ አእምሮ ጤና ሲነሣ ብዙ ሰው ወደ ሁለት ጫፍ ይሄዳል፤ አንዱ «ስልክ ትውልዱን አጠፋው» ይላል፣ ሌላው «የልጅነት ነገር ነው፣ ያልፋል» ይላል። የሚታወቀው ከሁለቱም ይለያል። የዓለም ጤና ድርጅት የአውሮፓ ቢሮ በ2024 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት በ44 አገሮችና አካባቢዎች የሚገኙ 280 ሺህ ያህል የ11፣ የ13 እና የ15 ዓመት ልጆችን ጠይቆ፣ ማኅበራዊ ሚዲያን መተው እየፈለጉ መተው የማይችሉትና ኑሯቸው የተቃወሰባቸው በ2018 ከነበሩበት 7 በመቶ በ2022 ወደ 11 በመቶ ማደጋቸውን አሳይቷል፤ ሴቶቹ 13፣ ወንዶቹ 9 በመቶ ነበሩ። ጥናቱ አፍሪካን አይመለከትም። ከቁጥሩ የምወስደው ግን አንድ ነገር አለ፦ ከዐሥር ልጆች ዘጠኝ ያህሉ ችግር ውስጥ አልገቡም። ስለዚህ ጥያቄው ስልክ የሚይዙት ሁሉ ሳይሆን የትኞቹ ልጆች፣ በምን ምክንያት ይጎዳሉ የሚለው ነው።

አንደኛው ምክንያት እንቅልፍ ነው። ከ13 እስከ 18 ዓመት ያለ ልጅ በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት መተኛት አለበት። የሌሊት የኢንተርኔት ጥቅል ከቀኑ ይረክሳል፤ ገንዘብ የሌለው ተማሪ ደግሞ የሚገዛው ርካሹን ነው። ሌሊቱን ነቅቶ የሚያድር ልጅ ሁልጊዜ በሱስ የተያዘ አይደለም፤ አንዳንዱ ሒሳብ ሠርቶ ነው። እናቱ ዐረብ አገር የሆነችበት ልጅም የእርሷ ሥራ እስኪያልቅ እኩለ ሌሊት ድረስ ሊጠብቅ ይችላል። በመሆኑም «ለምን አትተኛም» ከሚለው ቁጣ ይልቅ በሳምንት አንድ ሁለት ቀን በቀን የሚሠራ ጥቅል መግዛት፣ እናትም የምትደውልበትን ሰዓት ከቤተሰቡ ጋር ተነጋግራ መወሰኗ የበለጠ ይሠራል። እንቅልፍ ያጣ ልጅ የሚያሳየው ብስጭት፣ የትምህርት መቀነስና ተስፋ መቁረጥ ከጭንቀት ሕመም ጋር ስለሚመሳሰል፣ እንቅልፉ ሳይስተካከል ስለ ሌላው መፍረድ ያስቸግራል።

ሁለተኛው የመተግበሪያዎቹ አሠራር ነው። በጣት ወደ ላይ ሲገፋ ማለቂያ የሌለው የቪዲዮ ሰልፍ ተጠቃሚው እንዳይወጣ ታስቦ የተሠራ ነው። የሚቀጥለው ቪዲዮ ምን እንደሆነ አለመታወቁ ራሱ ይይዛል፤ ሎተሪ የሚፍቅ ሰው ከባዶው ይልቅ አንዴ የደረሰውን እያስታወሰ ሌላ እንደሚገዛ ነው። ይህን አሠራር ለልጆች በግልጽ ማስረዳት ከስብከት ይልቅ ይሠራል። ወጣት አታለሉኝ ሲል ይቆጣልና፣ ቁጣው ለጥንቃቄ ይረዳዋል። ሴቶች ልጆች ዘንድ ጎልቶ የሚታየው ራስን ከሌላ ጋር ማወዳደርም እዚሁ ይገባል። ዱባይ ያለች የሰፈር ልጅ ቪዲዮ ላይ የምታሳየው ሳሎን የአሠሪዎቿ ሊሆን እንደሚችል ማንም አይነግራቸውም።

ሦስተኛውን ምክንያት በሌላ አገር የተዘጋጀ ምክር ውስጥ አናገኘውም። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን ሲያዳርስ የነበሩ ሕፃናት ዛሬ ታዳጊዎች ናቸው። ብዙዎቹ በእግር ተሰድደዋል፣ ሬሳ አይተዋል፣ ትምህርት ቤታቸው ፈርሶ አግኝተዋል። ከዚያ ወዲህም ሰላሙ ሙሉ ሆኖ አልዘለቀም። እንዲህ ያለ ልጅ ቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ የተለቀቀ የግድያ ቪዲዮ ሳይፈልግ ሲከፈትበት ያለፈውን እንደገና ሊኖረው ይችላል፤ ልቡ ይመታል፣ ሌሊት ይባንናል፣ ወይም ጭራሽ ምንም የማይሰማው ሆኖ ቪዲዮዎቹን እየፈለገ ያያል። ይህ የመጨረሻው ጭካኔ ሳይሆን አእምሮ ፍርሃቱን የሚያስተዳድርበት አንዱ መንገድ ስለሆነ ልጁን «አውሬ ሆንክ» ማለት አይገባም። ቴሌግራም ላይ ዳታ ኤንድ ስቶሬጅ በሚለው ውስጥ ምስልና ቪዲዮ በራሱ እንዳይወርድ መዝጋት ይቻላል። ዳታም ስለሚቆጥብ ልጆቹ ደስ ብሏቸው የሚቀበሉት ሴቲንግ ነው። ቲክቶክ ላይ ደግሞ ቪዲዮውን ተጭኖ ቆይቶ አልፈልግም የሚለውን መምረጥ፣ ደጋግመው ካደረጉት የሚቀርበውን ነገር ይለውጣል።

እንዴት ይማር፣ ማንስ ያስተምር

ስልክ መቀማት የአብዛኛው ቤት የመጀመሪያ መፍትሔ ነው፤ በእኔ ግምት ከሁሉም የሚያከስረው እርሱ ነው። ልጁ ከእርሱ የሚማረው አንድ ትምህርት ብቻ ነው፦ ከነገርኩ ስልኬን አጣለሁ። እናቱን የሚያገኝበት ብቸኛ መንገድ ስልኩ ለሆነ ልጅ ደግሞ ቅጣቱ እናቱን መንጠቅ ነው። ከዚህ ይልቅ ስልኩ ሲሰጠው፣ ወይም ዛሬውኑ፣ «የሚያስደነግጥ ነገር ከመጣብህ ብትነግረኝ ስልኩን አልወስድብህም፣ አልቆጣህም» የሚል ቃል አሳዳጊው ይግባለት፤ እናትም በኢሞ ላይ ሆና ያንኑ ትድገምለት። ቃሉ አንድ ጊዜ ከፈረሰ ሁለተኛ አይታመንም።

ለአያቶች ስለ አልጎሪዝም ማስረዳት አያስፈልግም። እነርሱ ሰው ማንበብ ያውቃሉ፤ ልጁ ምግብ መተዉን፣ ስልክ ሲጮህ መደንገጡን፣ ከቡናው ሸሽቶ ጓሮ መቀመጡን ከማንም ቀድመው ያያሉ። የሚያስፈልጋቸው ያዩትን የሚነግሩት፣ ስልኩን የሚያውቅና ምስጢር የሚጠብቅ አንድ ሰው ነው፤ አክስት፣ የሰፈር መምህርት፣ ወይም የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሆነ የዘመድ ልጅ። ቅሬው ስብሰባ ላይ ይህን አንድ ጊዜ ቢያነሣው፣ በየሰፈሩ ለዚህ የሚታመን ሰው ማን እንደሆነ መነጋገር ይቻላል።

ትምህርት ቤት ውስጥ ደግሞ ንግግር ከማድረግ ይልቅ ማለማመድ ይመረጣል። በክበብ ሰዓት መምህሩ የማስፈራሪያ መልእክት በሰሌዳ ላይ ጽፎ «ጓደኛህ ይህን ቢያሳይህ ምን ትለዋለህ» ብሎ ተማሪዎቹን ሁለት ሁለት አድርጎ ያነጋግር። ልጆች ችግራቸውን መጀመሪያ የሚናገሩት ለእኩያ ነው፤ ያ እኩያ ምስሉን ላለማየት፣ ላለማስተላለፍና ጓደኛውን ይዞ ወደ አንድ አዋቂ ለመሄድ ከተለማመደ ግማሹ ሥራ ተሠርቷል። መምህሩ በዚያው ቀን ተማሪዎቹ የሚመጡበትን የአንዲት ሴትና የአንድ ወንድ መምህር ስም ይንገራቸው።

አንዳንዱ ነገር ከቤተሰብና ከመምህር አቅም በላይ ነው። ልጁ ከሁለት ሳምንት በላይ ካዘነ፣ ከሰው ከራቀ፣ የሚወደውን ነገር ከተወ፣ ወይም መኖር እንደማይፈልግ በቀልድም ቢሆን ከተናገረ ወይም ከጻፈ ጉዳዩ ሕክምና ይፈልጋል። ራስህን ልትጎዳ አስበሃል ወይ ብሎ በቀጥታ መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣበትም፤ እንዲያውም እንዲናገር መንገድ ይከፍትለታል። በፎቶ ማስፈራሪያ የደረሰበት ልጅ በተለይ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ብቻውን ማደር የለበትም፤ መድኃኒትና ፀረ ተባይ ኬሚካልም ከቤት ይራቅ። ጸበልም ሆነ ዱዓ ለቤተሰቡ የሚሰጠው ብርታት አለ፤ ከሕክምናው ጋር ጎን ለጎን ሊሄድ ይችላል፣ ሕክምናውን ማዘግየት ግን የለበትም። መጀመሪያ የሚኬደው በቅርብ ወዳለው ጤና ጣቢያ ነው፤ ከዚያ የሪፈር ወረቀት ተጽፎ በደሴ ሆስፒታል ወዳለው የአእምሮ ሕክምና ክፍል ይሄዳል። ልጁ መጀመሪያ የነገረው ሰው ማንም ይሁን ማን፣ እናቱ አገር ቤት ባትኖርም፣ አብሮት ይሂድ፤ ስክሪንሹቶቹ ያሉበትን ስልክም ይዞ ይሂድ፣ ሐኪሙም ፖሊሱም ታሪኩን ከመጀመሪያ እየጠየቁ ልጁን ደጋግመው እንዳያስወሩት።